የውዱእ ውኃችን የት ይሄዳል?



ቡርቃ በአፋን ኦሮሞ ምንጭ ማለት ነው። እኔ በምኖርበት በቡርቃ ጃቶ ግን ከኅዳር ጀምሮ ጧት ከቤት ስትወጡ መጀመሪያ የምታዩት ቢጫ ጀሪካን የያዘ ሰው ነው። እንደሚታወቀው ነቀምቴ ዝናብ የተነፈጋት ከተማ አይደለችም። በዓመት ከ1500 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንብባታል። ችግሩ ይህ ሁሉ ዝናብ ከሞላ ጎደል በክረምቱና በአካባቢው ባሉት ጥቂት ወራት ተጠቅልሎ መውረዱ ነው። በነሐሴ ጎመናችን በውኃ ብዛት ይበሰብሳል፤ በጥር ደግሞ በውኃ እጦት ይደርቃል።

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያነሳሳችኝ በምሠራበት የመድኃኒት መደብር የመጣች አንዲት ነፍሰ ጡር እህት ነች። ደም እንዳነሳት ተነግሯት የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ታዞላታል። ክኒኑን እየቆጠርኩ እንደ ልማዴ፣ «ጎመንም አብዢ፣ ጓሮሽ ውስጥ ትንሽ ብትተክዪ ይበቃሻል» አልኳት። እሷም ቀና ብላ፣ «ዶክተርዬ፣ ለመጠጥ የሚሆን ውኃ በገንዘብ እየገዛሁ ለጎመን ከየት ላምጣ?» አለችኝ። (በነገራችን ላይ ዶክተር አይደለሁም፤ ነጭ ገዋን ያደረገ ሁሉ በእኛ አገር ዶክተር ነው።) መልስ አልነበረኝም። ምክር የምንሰጥ ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ሰዎች የሚያውቁትን ነገር ደግመን እንነግራቸዋለን፤ የጎደላቸው ግን ዕውቀት ሳይሆን ውኃ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ቧንቧ በሌለበት ጓሮ ላይ ምን ማድረግ እንደሚቻል በራሴ ደጃፍ ስሞክር ቆይቻለሁ። ያገኘሁትን፣ የተሳሳትኩትንም ጭምር ላካፍላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ ልክን ማወቅ ያስፈልጋል። በበጋ ወራት ቅጠላ ቅጠል የተተከለበት አንድ ካሬ ሜትር መሬት በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ያህል ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የሚችለው አራት ካሬ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከአንድ አልጋ እምብዛም የማይበልጥ ማለት ነው። ብዙዎቻችን ግን በመስከረም መሬቱ ርሶ ሲታየን ጓሮውን ሁሉ እንተክላለን፤ ታኅሣሥ ሲገባ ለሁሉም በጥቂት በጥቂቱ እያዳረስን አንዱንም ሳናጠግብ ሁሉንም እናደርቃለን። እኔም የመጀመሪያውን ዓመት ያሳለፍኩት በዚሁ መንገድ ነው። አሁን በበጋ የምይዘው አራት ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ከ16 እስከ 20 ግንድ የሐበሻ ጎመን ይይዛል። የታችኛውን ቅጠል እየቀነጠባችሁ ላዩን ከተዋችሁለት ለወራት አይጠፋም።

ታዲያ ያቺ አንዲት ጀሪካን ከየት ትምጣ? ሙስሊም ቤተሰብ ሆነን ሳለ ጥያቄውን ለመመለስ ሩቅ መሄዳችን የሚያስገርም ነው። በቀን አምስት ጊዜ ውኃ እንነካለን። አንድ ቀን ቧንቧ ባለበት ዘመድ ቤት ባልዲ ከሥር አስቀምጬ ውዱእ አደረግሁና የተጠራቀመውን ለካሁት። ቧንቧውን ከፍቼ ስታጠብ ወደ ስድስት ሊትር ወጣ። በማንቆርቆሪያ ሳደርግ ግን አንድ ሊትር ከትንሽ በላይ በቃኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በቡኻሪም በሙስሊምም ተዘግቧል። ሙድ ማለት የመካከለኛ ሰው ሁለት እጅ ተገጥሞ የሚይዘው ነው፤ ከአንድ ሊትር ያንሳል። እኔ ገና እዚያ አልደረስኩም። አራት አዋቂ ያለበት ቤት እያንዳንዱ በአንድ ሊትር ውዱእ ቢያደርግ በቀን 20 ሊትር ይሆናል። ይኸው አንድ ጀሪካን። አራት ካሬ ሜትር ጎመን። (ሱናውን በትክክል ከተከተልን ጎመኑ ሊጠማ ነው ማለት ነው፤ ባለቤቴ ይህን ብሎኝ ስቀናል። እንዲህ ከሆነ ጎመኑ ሦስት ካሬ ሜትር ይሁን።)

ይህን ውኃ ለመያዝ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ሳፋ ብቻ ነው። ሳፋው ላይ ሆናችሁ ውዱእ አድርጉ፤ ከዚያም ወዲያው ወስዳችሁ ከግንዱ ሥር አፍስሱት። አፍና አፍንጫ የተጉመጠመጠበት፣ እግር የታጠበበት ውኃ በመሆኑ በቅጠሉ ላይ አይፈስስ፤ በሳፋም አይደር። የፈጅሩ ውኃ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ፀሐይ ሳትወጣ የጠጣ መሬት ቀኑን ይችላል።

አንድ አባት ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆር አለ። «ልጄ፣ የዒባዳ ውኃ ለጎመን ይፈስሳል እንዴ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። በመድረሳ ፊቅህ የተቀመጥን ሁሉ የውኃን ምዕራፍ እናስታውሳለን፤ የመጽሐፉ የመጀመሪያ ምዕራፍ እሱ ነውና። ለውዱእ የዋለ ውኃን በተመለከተ ሊቃውንት የሚለያዩት ዳግመኛ ውዱእ ይደረግበት ወይስ አይደረግበት በሚለው ላይ ነው። ውኃው ራሱ ግን በአብዛኞቹ ዘንድ ንጹሕ ነው፤ ነጃሳ አይደለም። እንዲያውም አሁን የት እያፈሰስነው እንደሆነ አስቡት። ወደ ቦይ። የትኛው ክብር ይበልጣል? አንድ ሙስሊም ተክሎ ሰው ወይም ወፍ ወይም እንስሳ ቢበላለት ሰደቃ እንደሚሆንለት በሐዲስ ተነግሮናል። እኚያ አባትም ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ ግን ሳሙና እንዳይገባበት» አሉኝ። ልክ ናቸው።

የሳሙና ነገር ለብቻው መነገር አለበት። የልብስ ማጠቢያ ኦሞና በረኪና ያለበትን ውኃ ጎመን ላይ አታፍስሱ። በውስጡ ያለው ጨው እየተጠራቀመ አፈሩን ያደነድነዋል፤ በረኪናው ደግሞ ሥሩን ያቃጥላል። መጨረሻ ላይ የተለቀለቀበት ውኃ ለቡናው ወይም ለማንጎው ግንድ ይሁን። የሕፃን ጨርቅ የታጠበበት ውኃ ግን ሽንት ቤት እንጂ የትም አይሂድ።

ውኃውን ካገኛችሁ በኋላ ደግሞ እንዳይሸሽ መያዝ ነው። በክረምት ከፍ ያለ መደብ ትክክል ነው፤ ውኃ እንዳይተኛበት። በበጋ ግን ተቃራኒው ይደረግ፤ መደቡ ከአካባቢው አፈር አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ይበል። ላዩን በደረቅ ሣር ወይም በቡና ገለባ ጎዝጉዙት። በወለጋ የቡና ገለባ ቸግሮን አያውቅም፤ መፈልፈያ ቤቶች ደጅ ተቆልሎ እናየዋለን። ሌላው የሸክላ ዘዴ ነው። ያልተሟሸ፣ ውኃ ሲያዝበት ላብ የሚያልበው አነስተኛ ገንቦ አፉ ብቻ እስኪታይ መሬት ውስጥ ትቀብሩታላችሁ፤ ዙሪያውን ትተክላላችሁ። ውኃው በሸክላው ቀስ እያለ ይወጣና ሥሩን ያገኘዋል፤ ፀሐይ የምትወስደው ጥቂት ነው። አፉን በድፍን ክዳን መግጠም ግን ግዴታ ነው። ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

ስለ አንጮቴ ሳልናገር ባልፍ ወለጌ አያቶቼ ይታዘቡኛል። ከዚህ አካባቢ ከወጣችሁ ብዙ ሰው የማያውቀው ይህ ሥራሥር በበልጉ ዝናብ ተተክሎ በክረምቱ ዝናብ ያድጋል። የበጋ ውኃ አይጠይቃችሁም። በአጥር ላይ ይወጣል፤ ሥሩ መሬት ውስጥ ይጠብቃችኋል። በካልሲየም ሀብታም ነው። አያቶቻችን አጥንት ለተሰበረና ለአራስ የሚሰጡት ያለ ምክንያት አልነበረም። ለበጋ ማዕድ ከጎመን ይልቅ አስተማማኙ እሱ ሆኖ ሳለ፣ የከተማ ልጆቻችን አንጮቴን የእንግዳ ምግብ አድርገውታል። በቅርቡ ደግሞ የሽፈራው ችግኝ ይዘው የሚዞሩ አሉ። ሽፈራው መልካም ተክል ነው፤ ነገር ግን እንደ ኮንሶና አርባ ምንጭ ያለ ቆላ ይወዳል። በነቀምቴ ደጋማ አየር ገንዘባችሁን ብታወጡበት እኔ አላማክራችሁም።

የመስጂዶቻችን ቱቦ

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። የቤቱ ሳፋ አራት ካሬ ሜትር ካጠጣ፣ መስጂዱስ? ለዙህር መቶ ሰው ይመጣል እንበል። እያንዳንዱ በቧንቧ ሥር ሦስት ሊትር ብቻ ያፈስሳል ብንል (እኔ ስድስት እንዳፈሰስኩ ነግሬያችኋለሁ) በአንድ ሶላት 300 ሊትር ነው፤ 15 ጀሪካን፣ 60 ካሬ ሜትር። በአንድ ሶላት ብቻ! ይህ ውኃ አሁን የት ነው ያለው? በአብዛኛው በቱቦ ወጥቶ መንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ይገባል፤ ወይም ከግቢው ኋላ ረግረግ ሠርቶ ትንኝ ያፈላል። በዚያው ሰፈር እናቶች ጀሪካን ተሸክመው ያልፋሉ።

የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን ሚናራ ለማስረዘም፣ ምንጣፍ ለመቀየር ገንዘብ ሲያሰባስቡ እናያለን፤ አላህ ይቀበላቸው። ነገር ግን የውዱእ ቦታውን ቱቦ ከመጸዳጃ ቤቱ ቱቦ ለይቶ ወደ አንድ መደብ መምራት ለሚናራው ከሚወጣው ጋር የሚወዳደር ወጪ አይጠይቅም። ጥቂት ሜትር ቱቦ፣ ቅጠልና ጭቃ የሚያስቀር ጠጠርና አሸዋ የተሞላ ጉድጓድ፣ ከዚያ በየመደቡ የሚከፋፈል ቦይ። ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ላይ የተገናኙበት መስጂድ ከሆነ ግን እስኪለዩ ድረስ አትንኩት። እዚህ ላይ «ትንሽ ነው» የሚባል ነገር የለም፤ ከመጸዳጃ የተቀላቀለ ውኃ ታይፎይድንና የአንጀት ትላትልን ወደ ማዕዳችን መላክ ነው።

መሬቱ የመስጂድ ወቅፍ በመሆኑ ምርቱ የማን ነው የሚለውን ኢማሙና ሽማግሌዎቹ ይወስኑ። እኔ ግን ሐሳብ አለኝ። ረመዳን በእነዚህ ዓመታት የሚገባው በበጋ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. የገባው በየካቲት ወር ነበር። ጎመንና ቆስጣ በገበያ በሚወደድበት ወቅት ማለት ነው። በመስጂድ የሚያፈጥሩ ምስኪኖችና የመድረሳ ልጆች ፊት የምናቀርበው ሾርባና ሳምቡሳ መልካም ሆኖ አረንጓዴ ነገር ግን የለበትም። ኅዳር ላይ የተተከለ ጎመን ለየካቲት ይደርሳል። ማን ይንከባከበው ለሚለው ደግሞ፣ በሴቶች በኩል ጀማዓ እንዳለ ኮሚቴዎቹ ባይዘነጉት ጥሩ ነው። ጓሮ የምናውቀው እኛ ነን፤ በኮሚቴ ስብሰባ ግን የምንጠራው ምግብ ሲሠራ ብቻ ነው።

የሚያስፈራኝ

ወደ ገንቦው ክዳን ልመለስ። ቆርቆሮ ጣሪያ ላላችሁ የዝናብ ውኃ ትልቅ ሀብት ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ሲዘንብ አንድ ሊትር ነው። ስለዚህ 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 400 ሊትር ይወርዳል፤ የሚፈናጠቀውን ብንቀንስ እንኳ በርሜል ተኩል ይሞላል። እኔም ይህን አስልቼ ሁለት በርሜል አሸንዳው ሥር አቆምኩ። ክዳን አልገዛሁላቸውም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጆቼ ጠርተው «እማ፣ በውኃው ውስጥ የሚጨፍሩ ትሎች አሉ» አሉኝ። የትንኝ እጭ ነበር። በዚያው ወር ትንሹ ልጄ በወባ ታመመ። ከበርሜሉ ነው ብዬ መማል አልችልም፤ በአካባቢው ወባ በዝቶ ነበር፤ ትንኝም ሁሉ የወባ ትንኝ አይደለችም። ግን ለሰው ሁሉ የወባ መድኃኒት እየሰጠሁ በራሴ ደጃፍ ትንኝ ሳረባ እንደነበር መካድ አልችልም።

ድሮ የተማርነው የወባ ትንኝ ፀሐይ የሚያገኘው ኩሬና ረግረግ እንጂ የቤት ውኃ ማጠራቀሚያ እንደማትመርጥ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባል ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ተገኘች። የዚህች ትንኝ ልማድ የተለየ ነው፤ ከተማ ትወዳለች፤ በበርሜልና በገንዳ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ከእርሷ ጋር ተያይዟል። የወለጋን ነገር ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2024 በመጀመሪያዎቹ አሥር ወራት ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎች በወባ እንደታመሙ የዓለም ጤና ድርጅት ያስታወቀ ሲሆን፣ ከክልሎች ትልቁ ቁጥር የተመዘገበው በኦሮሚያ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ክዳን የሌለው በርሜል በጓሮ ማቆም በጎረቤትም ላይ የሚደርስ ጉዳት ነው።

በመሆኑም በርሜላችሁን ግጠሙት፤ ውኃ የሚገባበትን ቀዳዳ በሻሽ ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ እሰሩት። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ለመብረር አንድ ሳምንት አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ይፈጅባታል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ጁሙዓ ጧት ይሁን፣ ውኃውን ጨርሳችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉት። እንቁላሉ ግድግዳው ላይ የሚጣበቅ የትንኝ ዓይነት አለና ማፍሰሱ ብቻ አይበቃም። በየዕለቱ ለምታጠጡበት ሳፋ ሥጋት የለም።

ሁለተኛው ሥጋቴ ዕቃው ነው። በገበያ «ታጥቧል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ የፀረ ተባይና የአረም መድኃኒት ጀሪካን አትግዙ። ፕላስቲኩ መድኃኒቱን ይጠጣዋል፤ በሳሙናም በአሸዋም አይለቅም። ልጅ ከአትክልት ቦታ መጥቶ ልጋጉ ከበዛ፣ ካላበውና ካስመለሰው ወተት እየሰጣችሁ አትጠብቁ፤ ዕቃውን ወይም ምልክቱን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ።

ሦስተኛው የቦይና የወንዝ ውኃ ነው። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዞች ዳር የሚመረተውን አትክልት ተመራማሪዎች ለብዙ ዓመታት ሲመረምሩት ቆይተዋል፤ ከፋብሪካ ፍሳሽ የመጡ እንደ ክሮሚየምና ካድሚየም ያሉ ብረቶች በቅጠሉ ውስጥ ተገኝተዋል። ማፍላት ጀርሙን ይገድላል፤ ብረቱን ግን አያወጣም። የእኛ ከተማ የቆዳ ፋብሪካ ባይኖራትም ጋራዥና መኪና ማጠቢያ አላት፤ ከእነሱ በታች የሚያልፈውን ውኃ ተዉት። ጉድጓድ ያላችሁም ከሽንት ቤት ቢያንስ 30 ሜትር መራቁን እዩ። ከጓሮ የመጣ ሰላጣ በጥሬው ለመብላት ካሰባችሁ በውኃ አጋር ወይም በቢሻን ጋሪ በታከመ ውኃ እጠቡት፤ አጠቃቀሙ በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ጎመን ግን ይብሰል።

ለዚያች እህት ያልመለስኩላት ነገርም አለ። በጎመን ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነታችን በቀላሉ አይወስደውም። ሎሚ ጨምቃችሁበት ወይም ከቲማቲም ጋር ብትበሉት ይረዳዋል፤ ከማዕዱ ተነስታችሁ ወዲያው ቡና ወይም ሻይ ከጠጣችሁ ግን ይከለክለዋል። ቡናው አንድ ሰዓት ይቆይ። (በወለጋ ይህን መናገር ድፍረት መሆኑን አውቃለሁ።) ደም ማነስ ያለባት ሴት ጎመን በላሁ ብላ ክኒኗን አትተው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ደግሞ የጎመን መጠናችሁን በድንገት አታብዙ፤ አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

ያቺ እህት ከወር በኋላ ለክኒኑ ተመልሳ መጣች። ስለ ሳፋው ነገርኳት። ሳቀች፤ ከዚያም ስንት ግንድ እንደሚሆን ጠየቀችኝ። ስምንት ይበቃል አልኳት፤ እነሱ ሁለት ናቸውና።

በሚቀጥለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ከመስጂዳችሁ ኋላ ዞር በሉና የውዱእ ቱቦው የሚወጣበትን ቦታ ተመልከቱት። የእኛን አይቼዋለሁ። ከግቢው አጥር ሥር ይወጣል፤ በዚያ ቦታ ማንም ያልተከለው ሣር በጥር ወር እስከ ጉልበት ድረስ ለምልሟል።